ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ነበር?

እሺ... ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፤ ተውኩት። ልጅቷ ስለተኛች ድምፄ ዝቅ ይላል።

የገንፎውን ቀን አውርቻችኋለሁ። እልልታውን፣ ቅቤውን፣ ሁሉንም። አንድ ነገር ግን ዘልያለሁ።

ቤቱ ሞልቷል። የባሌ እናት ቡና እየቀዱ "ቁልቢ ገብርኤል ሰማኝ፣ ስድስት ዓመት የተሳልኩት ነው" አሉ። እልል ተባለ። የባሌ የአጎት ልጅ ሚስት ስኒ ልትቀበል ጎንበስ አለችና፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ነበር?" አለችኝ። ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው። ልጅ የላትም።

"አይ፣ እግዜር ሲል ነው" አልኳት።

"እሱስ ልክ ነሽ" አለች። ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች። ቡናውን አልጠጣችውም። እኔ አየኋት፣ አልጠጣችውም።

ልጅቷን ያገኘናት በአይ ቪ ኤፍ ነው፤ እንቁላሉ ወጥቶ ከዘሩ ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ይዋሃድና ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ይገባል። የመርፌዎቹን የበረዶ ሣጥን ታስታውሳላችሁ አይደል? መብራት በጠፋ ቁጥር መርፌዎቹን ታቅፎ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ የሚሮጠውን ባሌን? የመጨረሻዋ መርፌ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበረች፤ እንቁላሉ የሚወጣው ከ36 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰዓቷ ዝንፍ አትልም፣ ሁለታችንም ስልካችንን እያየን እጁ ይንቀጠቀጣል። ዘጠኝ እንቁላል ወጣ። አምስተኛው ቀን ላይ የደረሱት ሁለት ፅንሶች ናቸው። የመጀመሪያው አልያዘም። ሁለተኛው ይቺ የተኛችው ናት።

ይሄን ሁሉ ነበር "አይ" ያልኩት።

"ሁሉም ኖርማል ነው" የምትለዋ የሐኪሞቹ ቃል እስካሁን ታመኛለች። ቱቦው ደህና፣ ሆርሞኑ ደህና፣ የሱም ደህና። የተዘጋ ነገር ቢገኝ እኮ እሱን ትጠያለሽ። ምክንያት ሲጠፋ ግን ሰው ሁሉ የራሱን ያመጣልሻል። ቡዳ ነው፣ ጭንቀት ነው፣ ሥራ ታበዣለሽ። ስትወልጂም እንደዚያው ነው። ግን እኔም ተስዬ ነበር እኮ! እማማን ተሳስተዋል ማለት አልችልም። ማለትም አልፈልግም። ሁለቱንም ብላትስ? ተስለናል፣ ታክመናልም ብላት?

በፈረንጆቹ 1978 እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያዋ ልጅ በዚህ መንገድ ተወለደች። አድጋ ራሷም እናት ሆናለች። እዚህ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል እንኳ ሕክምናው አለ። እኛ ግን ገና በሹክሹክታ ነን። ልጄን "የላብራቶሪ ልጅ" እንዳይሏት ፈርቼ ነው። ወይም እሱ እንዳይነገር ብሎኝ... አይ። እሱ አላለም። እኔ ነኝ።

ስልኳ አለኝ። ትናንት ማታ ልነግራት ብዬ "ሰላም ነሽ?" ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች። "ሰላም ነኝ፣ ሕፃኗ እንዴት ናት?"

ፎቶ ላኩላት።

ለሷ... ፎቶ። ቆይ፣ ይሄን...