መነጽሩ ጭንቅላት ውስጥ ያስገባል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የአንጎል ምስል በቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ሲደረግ ምስሉ ውስጥ የገባን በሚያስመስለው መነጽር፣ እንደሚታይ ካወራን ወዲህ ስልኩ አላረፈም። ለሦስታችሁ ልመልስ።

ከሸዋ ሮቢት አንዲት እናት፦ «ልጄ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነስቷል። በመነጽሩ ቢታይ ያልተገኘው በሽታ ይገኛል?»

አይ እናቴ፣ መነጽሩ ምንም አያነሳም። የሚያነሳው ያ ጓ ጓ የሚለው የኤምአርአይ ማሽን ነው። አንጎልን እንደ ድፎ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ በምስል ይቆራርጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ቁራጮቹን ደራርቦ ዳቦውን መልሶ ይሠራዋል፣ መነጽር ያደረገው ሐኪም ደግሞ ዙሪያውን ያየዋል፣ ካሻውም ውስጡ ይገባል። ቁራጩ 5 ሚሊሜትር ከወፈረ ግን መሀል ላይ ያመለጠውን መነጽር አያመጣውም። 1 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ነው ቅርጹ የሚጠራው። ደግሞ አደራ፣ ሲዲውን አይጣሉት! ፊልሙ ላይ የታተመው ተመርጦ ነው፤ ዋናው ዳታ ያለው ሲዲው ላይ ነው። እናንተ አገር ማሽላ ላይ ወፍ ማባረሪያ ሆኖ ተሰቅሎ አይቻለሁ።

ከመሐል ሜዳ አንድ ወጣት፦ «ታዲያ ከስክሪን በምን ይሻላል?»

ለተራ ምርመራ ብዙም አይሻልም፤ ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ምስል የሚያነበው ሐኪም፣ ስክሪኑ ላይ ቶሎ ይጨርሳል። ጥቅሙ የአንጎል ዕጢን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሲታሰብ ነው። የመንዝ ልጅ ስለሆንክ ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ባና ታውቃለህ። አንጎልም ውስጥ እንደዚያ ድርና ማግ የመሰሉ የነርቭ መስመሮች አሉ። አንድ ዓይነት ኤምአርአይ ውሃ በመስመሮቹ በኩል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ ተነስቶ ክሮቹን ይሥላል፦ ከግራ ቀኝ የሚሄደው ቀይ፣ ከፊት ወደ ኋላ አረንጓዴ፣ ከላይ ወደ ታች ሰማያዊ። ስክሪን ላይ የተወሳሰበ ልቃቂት ነው። በመነጽር ግን የትኛው ክር ከዕጢው ኋላ፣ የትኛው በጎኑ እንደሚያልፍ ይለያል፤ ሐኪሙም በየት በኩል ልግባ ብሎ አስቀድሞ ያስባል። ብቻ ክሮቹ የኮምፒውተር ግምት እንጂ ፎቶ አይደሉም፤ ይሄ ይረሳል።

ከደብረ ብርሃን አንዲት ተማሪ፦ «ሞክሬው አዞረኝ፣ ምነው? በነፃስ የት አገኛለሁ?»

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ሚኒባስ ውስጥ ስልክ አንብበሽ ታውቂያለሽ? የሱ ግልባጭ ነው። ዓይንሽ እየሄድኩ ነው ይላል፣ የውስጥ ጆሮሽ ደግሞ ቁጭ ብለናል ይላል። ተቀምጠሽ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሞክሪ። ውስጡ ከመብረር አንጎሉን በእጅሽ ማዞር ይሻላል። ስሪዲ ስላይሰር የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ የቪአር ተጨማሪም አለው፤ ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚያቀናብር የኮምፒውተር ክፍል፣ ግን ይፈልጋል። ለትምህርትና ለምርምር ነው እሺ፣ የጎረቤት ሲዲ ይዘሽ ምርመራ እንዳትጀምሪ።