ቤቱን የመታው ማን ነው? አዲስ የአማርኛ ሂፕ ሆፕ አልበም ሲመዘን

ጅማ ውስጥ አዲስ የሂፕ ሆፕ አልበም ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ፈተናው ቀላል አይደለም፤ የሙዚቃ መሣሪያ አምራቹ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ካወጣው ቲ.አር. 808 የከበሮ መሣሪያ የተወረሰው ጥልቅ የቤዝ ድምፅ በትንሽ ማጉያ ውስጥ አብዛኛው ስለሚጠፋ፣ ለጆሮ የሚተርፈው የራፐሩ ቃል ነው። እኛም ከቃሉ እንጀምር።

አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚያሳርፍ፣ ቤት መምታት፣ ማለትም የስንኞችን መጨረሻ በአንድ ድምፅ ማስማማት፣ ለራፐር እጅግ ርካሽ ነው። ለምሳሌ ያህል እኔው የደረደርኳቸውን ሁለት ስንኞች ስሙ፦

«ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ቡናዬን ለቀምኩ፣
ገበያ አውጥቼ ያንኑ ሸጥኩ።»

እዚህ ላይ ቤቱን የመታው ሰዋስው እንጂ ገጣሚው አይደለም። አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን በ«ኩ» እና በ«ሁ» ከተደፋ፣ ከበሮው ምንም ቢያምር ድክመቱ ይህ ነው። ብርቱ ራፐር ግን ግሱን ወደ ስንኙ መሐል ስቦ መዝጊያውን ለስም ይተዋል፤ ወይም እንደ ቅኔ ተማሪ አንዱን ቃል ሰምና ወርቅ ያሸክመዋል።

[በስክሪኑ ላይ፦ «ይመታል»]

ይህ ቃል ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ይናገራል፤ ፊደላችን ግን ልዩነቱን አያሳይም። ራፐሩ ከምቱ ጋር ለመድረስ ሲጣደፍ የሚጠብቀውን ካላላ፣ መቺና ተመቺ ቦታ ይለዋወጣሉ። እንዲህ ያለውን ስሕተት በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮ ብቻ ነው የምትይዙት።

ጅማ ላይ ደግሞ ሚዛኑ ይከብዳል፤ አድማጩ አፋን ኦሮሞንም ያውቃልና። በአፋን ኦሮሞ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፦ «ለፋ» በአጭሩ ሲነገር መሬት ነው፣ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ይሆናል፣ «ፋ»ን ያጠበቀ እንደሆነ ደግሞ የአማርኛ ጆሮ ድካምን ይሰማል። መሬትንና ልፋትን በአንድ ትንፋሽ የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ሀብት በእጅ እያለ፣ አፋን ኦሮሞን ለአዝማች ብቻ ጠርቶ ማሰናበት ያስቆጫል።

የእንግዳ ድምፃውያን ብዛትና የዘፈኖቹ ርዝመት እምብዛም አያሳስቡኝም። የሚያሳስበኝ ክራሩ ነው፦ መግቢያው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተሰምቶ ከበሮው ሲገባ ደብዛው ከጠፋ፣ እንግዳን ቡና ሳያጠጡ ከደጅ ከመሸኘት አልለየውም።