የመክፈቻ ንግግር፦ ከዱቄቱ በፊት ምርመራው

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የውሻ አርቢዎች ማኅበራችን አባላት፣

ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከጣርማበር በጠዋቱ ውርጭ ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃን ስለ ደረሳችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። በዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቀጥሏል፣ የአባላት ውሾች መዝገብ ተጀምሯል፣ የፀረ ትል መድኃኒትም ታድሏል። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ስለሚያቀርቡት እኔ ዓመቱን ሙሉ ያነታረከንን ጉዳይ አነሣለሁ።

ለአውራነት የያዝናቸው ውሾች የወንዴ ዘራቸው ሲደክም የማኅበሩ ገንዘብ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት የሚበጁ ሕያዋን ባክቴሪያዎች ያሉበት ዱቄት፣ ይግዛበት ወይስ አይግዛበት? ከሥራ አመራሩ ፕሮባዮቲክ ከንቱ ነው ያለ የለም። ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም የተባለው ባክቴሪያ በአውሮፓ ኅብረት ለውሻ መኖ ተጨማሪነት የተፈቀደ ነው። አንጀቱ የታወከ ውሻ የሚበላው አይሆነውም፤ የከሳ ውሻ ደግሞ ዘሩ ቢደክም አይገርምም። ይሁን እንጂ በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ሕያዋን በመሆናቸው ሙቀትና እርጥበት ይገድላቸዋል፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሱቅ ውስጥ የከረመ ብልቃጥ ዋጋው እንጂ ጥቅሙ አብሮት አይቆይም። በተጨማሪም የውሻ ዘር ተፈጥሮ እስኪበስል 62 ቀን ያህል ስለሚፈጅና ከዚያም በዘር ፍሬው ላይ ባለው ቱቦ ውስጥ ስለሚሰነብት፣ ዱቄቱን በሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ውሻዬ ተሻለው የሚል አባል የሚያየው ዱቄቱን ከመስጠቱ በፊት መፈጠር የጀመረውን ዘር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብሩሴላ ካኒስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተለየው ይህ ባክቴሪያ የዘር ፍሬውን ቱቦ ያስቆጣል፣ ወንዱን ያመክናል፣ እናቲቱን ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ዱቄት አያድነውም። ያልተመረመረ ውሻ ዱቄት እያላሱ ከግቢ ወደ ግቢ ለስሪያ ማዞር በሽታውን ቤት ለቤት ማደል ነው።

በኅዳር አንድ የአባላችን ውሻ መካን ተብሎ ሊገለል ነበር። በማይክሮስኮፕ የታየው ዘር አንዱም አይነቃነቅም። ባለሙያው ግን ዘሩ የተደረገበት መስተዋት በብርድ የቀዘቀዘ መሆኑን ተረድተው፣ መስተዋቱን እስከ 37 ዲግሪ አሙቀው በአዲስ ናሙና ሲደግሙት ዘሩ ሲርመሰመስ ታየ፤ ባለቤቱ ቆመው እንባቸው መጣ። በዚያን ዕለት በማኅበራችን ኮራሁ። ማይክሮስኮፑ ግን የተውሶ ነው፣ ማሞቂያም የለንም፤ ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ባልተከፈለ መዋጮ ውስጥ ተኝቷል።

ስለዚህ ዛሬ ለቀራችሁት ልናገር፤ ጎረቤቶቻችሁ ያድርሱልኝ። ዱቄቱ ይገዛ ብላችሁ በየስብሰባው አጥብቃችሁ የተከራከራችሁ ወንድሞቼ፣ ውሾቻችሁን አምጡ ስንል አላመጣችሁም፣ መዋጮውንም አልከፈላችሁም። ክርክራችሁን አከብራለሁ፤ ለውሾቻችሁ ያላችሁን ፍቅርም አውቃለሁ። ግን ስለ እናንተ ልጆች እፈራለሁ፤ ያስወረደች ውሻ የጣለቻቸውን ቡችሎች በባዶ እጅ የሚያነሡት እነርሱ ናቸውና።

ከሰዓት በኋላ ለድምፅ የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ማይክሮስኮፕና ማሞቂያ ይገዛ፣ ለአውራነት የሚመዘገብ ውሻ ሁሉ ስለ ብሩሴላ ደሙ ይታይ፣ ፕሮባዮቲክም የእንስሳት ሐኪም አንጀቱን አይቶ ላዘዘለት ውሻ ብቻ ይሰጥ። የምትቃወሙ ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ ጉባኤው ተከፍቷል።