ጣሪያችንን ከወጀቡ በፊት እንሰር

(ኮምቦልቻ ላይ ከቃሉና ከደሴ ዙሪያ ለተሰበሰቡ የቅሬ (የእድር) መሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከሐርቡ የወጣችሁ፣ ከደጋው የወረዳችሁ፣ አላህ ያክብራችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ስለ ወጀብ ነው የማወራው። ጠዋት ፀሐይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ዳመናው ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ይሰማል፣ ዝናቡ ሳይደርስ ቀዝቃዛ ነፋስ ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ሲያልፍ ግን የአንዱ ቤት ቆርቆሮ የጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ያፈራው ማሽላ ተኝቷል። ጣሪያ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። የጭቃው ግድግዳ በዝናብ ይሟሟል፣ የጎታው እህል ይርሳል፣ ለዘር የተቀመጠው ይበላሻል። የአንድ ከሰዓት ወጀብ የከርሞውን እርሻ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ነፋስ ከላይ ነው የሚወርደው። ዳመናው ውስጥ ዝናብና በረዶ ሲወርድ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲደርስ ወደ ጎን ይበተናል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አምና የቻለ ጣሪያ ዘንድሮም ይችላል ብለን አንተኛ።

ነፋስ ቆርቆሮን የሚጫነው ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወደ ላይ ነው የሚያነሳው። ከላይ ይስበዋል፣ በታዛውና በተከፈተው በር ገብቶ ደግሞ ከውስጥ ይገፋዋል። ለዚህ ነው ከጠርዝ የሚጀምረው። አንዳንዴም ቆርቆሮው ከነሞራሌው፣ ከተመታበት አግድም እንጨት ጋር፣ ይሄዳል። ሚስማሩ ቆርቆሮውን ይዞታል፤ ሞራሌውን ከወራጁ፣ ከተዳፋቱ የጣሪያ እንጨት፣ ወራጁን ከቋሚው ጋር ያሰረ ግን የለም።

ጉዳት ሲደርስ ቆርቆሮ ይሰጠናል። ሰጪው ይባረክ። ግን አዲሱን ቆርቆሮ በዚያው እንጨት ላይ፣ በዚያው የሚስማር አመታት መልሰን ስንመታው አዝናለሁ፤ እውነት ለመናገር ያናድደኛል። ሲገዛም ጌጁን፣ የውፍረት ቁጥሩን፣ እንይ። 35 ከ32 ይሳሳል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ከሚስማሩ ላይ ተቀዶ ለመውጣትም ይቀላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሽቦ ነው። ወራጁን ከቋሚው ጋር ዙሪያውን በሽቦ ማሰር፣ በጠርዝና በታዛ በኩል ሚስማሩን ማቀራረብ፣ ምስጥ የበላውን እንጨት መለወጥ። ወጀብ ሲመጣ በርና መስኮት መዝጋት። በነፋስ የሚበር ቆርቆሮ ሰው ይቆርጣል፤ እባካችሁ ማንም ሊይዘው አይሩጥ። እረኞቻችን ከዛፍ ሥር አይጠለሉ። የወደቀ የመብራት ሽቦ ማንም አይንካ።

ዛፍም ይረዳል፣ አተካከሉን ካወቅንበት። የነፋስ መከላከያ ረድፍ የቁመቱን 10 እጥፍ ያህል ርቀት ይከልላል፤ 10 ሜትር ከሆነ ወደ 100 ሜትር ማለት ነው። ቤት ጥግ የቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ ግን ቤቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው። እኛ ወሎዎች ሰው ሲሞት ቅሬያችን ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፣ እስላም ክርስቲያን አይልም። ይህ ጉልበት ከጉዳቱ በፊትም ይሥራ። ከበልግ በፊት አንድ ቀን፣ ከክረምት በፊት አንድ ቀን፣ ለጣሪያ ደቦ ይጠራ። ቅሬው ጥቅል ሽቦ ይግዛ። አናጢ የሆነ አባል ሥራውን ይምራ። ባል የሞተባቸው እናቶችና ጉልበት የሌላቸው አዛውንቶች ቤት ይቅደም፤ ለነሱ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የለም። የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል እዚሁ ኮምቦልቻ አለ። አንድ ወጣት ትንበያውን እየተከታተለ ለቀበሌው ይንገር።

በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባችሁ ሁለት ሰው ምረጡ። ቤት ለቤት ዞረው ያልታሰረውን ጣሪያ ይመዝግቡ። አመሰግናለሁ።