መርዶው ከደረሰ በኋላ

ክቡራትና ክቡራን፣ የንባብ ማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ቤላሩሳዊው ደራሲ ስለ ቫሲል ቢካው እንድናገር ስትጠይቁኝ ከየት እንደምጀምር አላስጨነቀኝም። ከመርዶ ነው የምጀምረው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በሰሜን ቤላሩስ ቪቴብስክ አውራጃ ቢችኪ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ እዚያች መንደር ለምትኖር አንዲት ድሃ ገበሬ እናት ከጦሩ ወረቀት መጣላት። ልጅሽ ግንባር ላይ ወድቋል ይላል። መርዶ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አለቀሰች፣ ሐዘን ተቀመጠች። በዩክሬን ኪሮቮህራድ አካባቢ ባለ የጅምላ መቃብር ላይም የልጇ ስም ከሌሎች ሟቾች ስም ጋር ተጻፈ።

ልጇ ግን አልሞተም። በጥር 1944 እዚያ በተደረገው ውጊያ እግሩን ቆስሎ ከጓዶቹ ተለይቶ ነበር፤ ክፍሉም ሞቷል ብሎ መዘገበው። ሆስፒታል ተኝቶ ተሻለውና ወደ ግንባር ተመለሰ። ሮማንያን፣ ሀንጋሪን አቋርጦ ጦርነቱን ኦስትሪያ ላይ ጨረሰ። ያኔ ዕድሜው ገና ሃያ አንድ እንኳ አልሞላም።

እኔ ይህን ሰው የማነበው በዚህ ዓይን ነው። መርዶው ከተነገረ በኋላ የኖረ፣ ከዚያም የጻፈ ሰው። በድንጋዩ ላይ ከስሙ በላይና በታች የተጻፉት ልጆች እንደ እሱ ተነሥተው አልመጡም። እንደ እኔ እምነት ሃምሳ ዓመት ያህል የጻፈው ለእነሱ ነው።

ቢካው የተወለደው በሰኔ 1924 ነው። ልጅ ሳለ ሕልሙ ሥነ ጥበብ ነበር፤ ቪቴብስክ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ መማር ጀምሮ የተማሪዎች የኪስ ገንዘብ ሲቀር አቋረጠ። የቅርጻ ቅርጽ ዓይኑ ግን አብሮት ቀርቷል። መጽሐፎቹ አጫጭር ናቸው። ሰዎቹ ሁለት ወይም ሦስት፣ ጊዜው አንድ ሌሊት ወይም ሁለት ቀን ነው። የጄኔራሎች ካርታ የለም፣ ታላላቅ ዘመቻዎች የሉም። ብርድ አለ፣ ረሃብ አለ፣ የረጠበ ጫማ አለ፤ መውጫ የሌለው ሰው አለ።

የመጀመሪያዎቹን የጦርነት ታሪኮች የጻፈው እንደገና ለውትድርና ተጠርቶ በሩቅ ምሥራቅ በኩሪል ደሴቶች ሲያገለግል፣ በ1951 ነው። ከዚያም በምዕራብ ቤላሩስ በግሮድኖ ከተማ በጋዜጣ ሥራ ብዙ ዓመት ኖረ። የጻፈው በቤላሩስኛ ነበር። ሩሲያኛ የከተማና የሹመት ቋንቋ፣ ቤላሩስኛ ደግሞ የገጠር ሰው ቋንቋ ተደርጎ በሚታይበት ዘመን በእናቱ ቋንቋ ጸና፤ ብዙዎቹን ሥራዎቹንም ራሱ ወደ ሩሲያኛ መለሳቸው።

እኔ ሚንስክ ለትምህርት የደረስኩት በ1986 ነው። በዚያው ዓመት «የመከራ ምልክት» ለተባለው ልብ ወለዱ የሌኒን ሽልማት ተሰጥቶታል። የሩሲያኛ አስተማሪያችን ግን የሰጠችኝ እሱን አልነበረም። በ1970 የታተመውን «ሶትኒኮቭ»ን አውጥታ ሰጠችኝ፤ ቀጭን መጽሐፍ ናት። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አገሬ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ታላቅ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ነበር። ከእሱ ደብዳቤ ከመጣ አምስት ወር አልፎ ነበር። ያንን መጽሐፍ እንደ ሌላ አገር ታሪክ ማንበብ አልቻልኩም።

ታሪኩ ይህ ነው። ሁለት ፓርቲዛኖች፣ ማለትም ጀርመንን ከጫካ የሚዋጉ ሽምቅ ተዋጊዎች፣ በክረምት ለጓዶቻቸው ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ። ሪባክ ጤነኛ፣ ብርቱ፣ ከገበሬ ቤት ያደገ ብልህ ሰው ነው። ሶትኒኮቭ ታሟል፤ ሳሉ አያስቆመውም። ይባስ ብሎ ይቆስላል። ሪባክ ጥሎት መሄድ ሲችል ተመልሶ በበረዶ ውስጥ እየጎተተ ያወጣዋል። ይህን ልብ በሉ። ሪባክ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙዎቻችን ለጉዞ ጓደኛ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው እሱን ነው።

የሦስት ልጆች እናት ቤት ውስጥ ተደብቀው ሳለ ለጀርመን ያደሩት የአገሬው ፖሊሶች ይይዟቸዋል። ሪባክ ለጊዜው እሺ ብሎ፣ ትንሽ ነገር ሰጥቶ፣ ቀን ጠብቆ ለማምለጥ ያስባል። ሶትኒኮቭ እንዲህ ያለ ስሌት አያውቅም። በማግስቱ ሶትኒኮቭን፣ ያችን እናት፣ የመንደሩን ሽማግሌ ሹምና አንዲት የአይሁድ ልጅ ሊሰቅሏቸው ይወስዷቸዋል። ሪባክ ፖሊስ ሊሆን ተስማምቷልና ገመዱ ቀረለት። ነገር ግን ሶትኒኮቭ የቆመበትን የእንጨት ጉማጅ ይዞ እንዲቆም የተደረገው እሱ ነው። ጓዱን ይቅርታ ይጠይቀዋል። ይቅርታውን አያገኝም።

ሶትኒኮቭ በዚያች ሰዓት የሚመለከተው ሌላ ቦታ ነው። እንዲያዩ ተገደው ከወጡት ሰዎች መካከል ጫፏ ሾጣጣ የሆነች አሮጌ የቀይ ጦር ቆብ ያደረገ ትንሽ ልጅ አለ። ፊቱ ገርጥቷል። ሶትኒኮቭ በዓይኑ ብቻ ፈገግ ይልለታል። ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም።

ሪባክስ? ከፖሊሶቹ ጋር ሰልፍ ገብቶ ሲራመድ፣ እርምጃው ከእነሱ እርምጃ ጋር ሲገጥም፣ መመለሻ እንደሌለው ይገባዋል። ሽንት ቤት ገብቶ ራሱን ሊሰቅል ወገቡን ይዳስሳል። ቀበቶው የለም፤ ሲይዙት ወስደውበታል።

ቢካው ይህን ከምናቡ ብቻ አላመጣውም። በነሐሴ 1944 ሮማንያ ውስጥ ያሲ አካባቢ ከተማረኩት የጠላት ወታደሮች መካከል አንድ የሚያውቀው ፊት ያያል። የክፍሉ ጓድ ነበር፤ ሞቷል ተብሎ የታዘነለት። ቆስሎ ተማርኮ፣ ነፍሱን ለማትረፍ ከጀርመኖች ጋር ወደተሰለፈው የሩሲያውያን ጦር ገብቷል። አመልጣለሁ ብሎ ነበር፤ ቀን በቀን እየተጎተተ ሳያመልጥ ቀረ። አስቡት እንግዲህ። ሁለቱም መርዶ የተነገረላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ጠባቂ፣ አንዱ ምርኮኛ ሆነው ተያዩ። ቢካው ያ ፊት ከሃያ ዓመት በላይ አልለቀቀውም።

ዳይሬክተሯ ላሪሳ ሼፒትኮ መጽሐፉን ወደ ፊልም መልሳው በ1977 በበርሊን ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ አሸንፋለች።

ሽልማትና ማዕረግ ነበረው፤ እነሱን ልተዋቸው። የከፈለውን ዋጋ ልናገር። በ1966 «ሙታን አያማቸውም» የተባለው ሥራው በሞስኮው «ኖቪ ሚር» መጽሔት ወጣ። ጠላት ብቻ ሳይሆን የገዛ ወገን የጸጥታ መኮንንም ወታደሩን እንዴት እንደሚያጠፋው ጻፈበት። ጋዜጦቹ ዘመቱበት፤ የድል ታሪክን አጎደፍክ ተባለ፣ መጽሐፉም ለረጅም ዓመታት ታፍኖ ቀረ። አርበኛ ነኝ ብሎ ጸጥ ማለት ይችል ነበር። ደረቱ ላይ ሜዳልያ ነበረው። ዝም አላለም።

አገሩ እኮ ስለ ጦርነት መዋሸት የማይቻልባት አገር ናት። ኻቲን የምትባለውን መንደር መታሰቢያ ተማሪ ሳለሁ ወስደውን አይቻለሁ። በመጋቢት 1943 በአንድ ቀን 149 ሰው ከነቤቱ ተቃጠለባት፤ ከእነሱ 75ቱ ሕፃናት ናቸው። ቤት በነበረበት ቦታ ሁሉ የጭስ መውጫ የሚመስል ዓምድ ቆሞ ደወል ይደወላል። ከእኛ ጋር የነበሩት ተማሪዎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ እየሳቁ ነበር፤ ስንመለስ አንድም የተናገረ ሰው አልነበረም።

በኋለኛው ዘመን፣ ከ1988 ጀምሮ፣ በስታሊን ዘመን የተገደሉት እንዲታወሱ ከተነሡት ሰዎች ጋር ቆመ። የቤላሩሱን ፕሬዚዳንት የሉካሼንኮን አገዛዝ በግልጽ ስለተቃወመ ኑሮው ጠበበበት። በ1998 አገሩን ለቆ ፊንላንድ፣ ከዚያ ጀርመን፣ ከዚያ ቼክ ሄደ። ሰባ አራት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ስደት ምን እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ። የመጨረሻ ማስታወሻውን «ረጅሙ የቤት መንገድ» ብሎ ሰየመው።

ታሞ በ2003 ወደ ሚንስክ ተመለሰ። ያረፈው ሰኔ 22 ቀን ነው። ልክ ከስድሳ ሁለት ዓመት በፊት የጀርመን ጦር ድንበሩን ጥሶ የገባው በዚያችው ቀን ነበር። ሬሳ ሣጥኑ ላይ መንግሥት ከባንዲራነት ያወረደውን ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ሰንደቅ አለበሱት፤ ሺዎች ተከትለው በምሥራቁ መካነ መቃብር ቀበሩት። ስሙ ድንጋይ ላይ ሲጻፍ ይህ ሁለተኛው ነው። በመካከላቸው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመትና እነዚያ ሁሉ መጻሕፍት አሉ።

አሁን ያችን አስተማሪዬ የሰጠችኝን ቀጭን መጽሐፍ ይዣለሁ፤ ጠርዟ ተበልቷል፣ በእርሳስ የጻፍኳቸው የአማርኛ ፍቺዎች ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ። የምትጀምረው ሁለት ሰዎች በበረዶ ውስጥ ሲሄዱ ነው። ከፈቀዳችሁልኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ቀስ እያልኩ ልመልስላችሁ።