አያ ጅቦ፣ ክፍል ስንት እንደሆነ እንጃ፦ ነጥቦቹ

እሺ... ይቀዳል? ቀዩ በርቷል፣ እሺ። ጤና ይስጥልኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን አይደለም፣ እንቅልፍ ነው፣ ማለት የእንቅልፍ እጦት። ስለ አያ ጅቦ ነው የማወራው፣ ብረት እያዞረ ስለሚቆርጠው ቶርኖዬ፣ አዎ አሁንም፣ «ይሄን ቶርኖ በአንድ ቅዳሜ አስነሳዋለሁ» ካልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ «የትኛው ቅዳሜ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝን አያለሁ፣ ሳቁ ግዴለም።

ግን ተነሳ አልተነሳ አይደለም የዛሬው። ተነስቷል። ይዞራል፣ ይቆርጣል፣ ስሙ እንደሚለው ማታ ማታ ይጮኻል። እኔን ያልለቀቀችኝ ያቺ ጊር ነች፣ ጥርሷ ስለተሰበረ በምትኳ አዲስ ያፈሰስኩላት። አሮጌዋ። ባለፈው «አሉሚኒየም አነሰኝና እሷን ጨመርኳት» ብዬ ነው ያለፍኩት፣ በቃ፣ አንድ መስመር። እህቴ ደሞ ኤዲት ስታደርግ «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው ድምፅህ የወረደው?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም አልነበረም እኮ ያኔ፣ መሰለኝ።

እና እንዴት ነበር... ምድጃው ነድዷል፣ ብሎወሩ ይነፋል፣ አሸዋው ተጠቅጥቆ ሞልዱ፣ ማለት ፈሳሹ የሚገባበት ቅርጽ፣ ተከድኖ መሬት ላይ ነው። ስለ አሸዋው አልገባም ዛሬ፣ ጨብጣችሁ ስትሰብሩት ጥርት ብሎ ለሁለት ካልተሰበረ አይሆንም እያልኩ አንድ ሙሉ ክፍል አሰልችቻችኋለሁ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እኔ ግን ለማፍሰስ 720 አካባቢ እስኪደርስ እጠብቃለሁ፣ እና ክዳኑን አንስቼ ሳየው... አነሰ። ሞልዱን ይሞላል ግን ከላይ ለሚተርፈው አይበቃም፣ ያ ትርፍ ደሞ ለጌጥ አይደለም፣ አሉሚኒየም ሲረጋ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ከላይ የሚስበው ትኩስ ፈሳሽ ካላገኘ መሃሉን ቦርቡሮ ነው የሚወጣው። እና ይሄን ሁሉ ማገዶ አንድጄ ለነገ ልተወው? ጠረጴዛው ላይ ደሞ እሷ አለች። ስልሳ ጥርስ፣ ሦስቱ የተሰበሩ። በጉጠት አነሳኋት።

እና ቀጥታ አይከተትም፣ ይሄን ሁሌ እላለሁ፣ ስለታከታችሁ አልተውም፤ ትንሽ እርጥበት ያለው ነገር የቀለጠ ብረት ውስጥ ሰምጦ ከገባ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ ፈሳሹን ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው። ስለዚህ ምድጃው አፍ ላይ አጋድሜ አሞቃታለሁ። ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ችግሩ እሱ ነው መሰለኝ። ወዲያው ብወረውራት ኖሮ አላያትም ነበር።

ግራሶው መጨስ ጀመረ። የስንት ዓመት ጥቁር ግራሶ፣ እኔ በጋዝ አጥቤ ያላስለቀቅኩት፣ እየነደደ እየተላጠ ሄደ፣ ከሥሩ ነጭ ነጩ ወጣ። እና የሞረድ ምልክት። ጥርሶቹ በሞረድ ነው የተስተካከሉት፣ አንዳንዱ ወፈር አንዳንዱ ቀጠን። መሃሉ ላይ የአሸዋ ሻካራነት አለ፣ እኔ አሸዋ ላይ ያፈሰስኩት ሁሉ የሚያወጣው ዓይነት። ያኔ «እንዴ፣ ይቺም የቤት ነች» አልኩ። ከኔ በፊት አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ እኔ የማደርገውን ሲያደርግ ነበር። ቀድሞ መጠርጠር ነበረብኝ እኮ፣ አሉሚኒየም እሷ ብቻ ነበረች፣ የቀሩት ጊሮች በሙሉ ካስት አይረን ናቸው፣ ባለ 127 ጥርሷን ጨምሮ... ባለ 127 ለምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፣ በ5 ስታበዙት 127፣ እሱ ደሞ ለማንም አይካፈልም፣ ስለዚህ በኢንች ሊድስክሩ፣ ማለት መቁረጫውን በሚነዳው ረጅም ብሎን፣ የሚሊሜትር የብሎን ጥርስ ልክ ቁጭ እንዲል ከፈለጋችሁ ያቺን ግትር ጊር የግድ መሸከም ነው። በጣም ነው የምወዳት። አንድ ሙሉ ማሽን ሁለት ዓይነት ሜትር ስላለ ብቻ... ምን እያልኩ ነበር?

ነጥቦቹ። ጎኗ ላይ፣ ከጥርሶቹ ሥር፣ ነጥብ አለ። በፓንች፣ በመዶሻ በሚመታው ሹል ብረት፣ የተመታ። ከወዲያ ደሞ ሌላ። ከታች በኩል፣ ጉጠቱ የያዘበት አጠገብ፣ ሌላ ያለ ይመስላል። አየሁት። «ምን ይሆን?» አላልኩም፣ ምን መሰላችሁ ያልኩት፣ «ሞቃለች» ነው ያልኩት። ጨመርኳት። መጀመሪያ ላይ ተንሳፈፈች መሰለኝ፣ የላዩ ቆሻሻ ይዟት፣ ከዛ ቀስ ብላ ዘንበል... በቃ።

እና ጊሯ አሪፍ ሆና ወጣች፣ ሰምታችኋል፣ ጮቤ ረግጫለሁ።

ከዛ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው ስለ ባለ ብዙ መነሻ ጥርስ ሳነብ የነበረው። ብሎን ላይ አንድ ጥርስ ብቻ አይደለም የሚጠመጠመው፣ ሁለት ሦስት ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፣ ሦስት ገመድ አብራችሁ እንደምትጠመጥሙት፣ ስለዚህ በአንድ ዙር ሦስት እጥፍ ይራመዳል፤ የቀለም ብዕር ክዳን እንደዛ ነው ብዙ ጊዜ፣ በትንሽ ዙር ይከፈታል። እና ቶርኖ ላይ እንዴት ነው የሚቆረጠው? የመጀመሪያውን ትቆርጣላችሁ፣ ከዛ ከስፒንድሉ፣ ሥራውን ይዞ ከሚዞረው ዘንግ፣ እኩል የምትዞረውን ጊር ከቀጣዩዋ አላቃችሁ፣ ስፒንድሉን አንድ ሦስተኛ ዙር ታዞሩና መልሳችሁ ታገጥማላችሁ። ስልሳ ጥርስ ከሆነች ሃያ፣ አርባ። እንዳይሳሳት ደሞ... እ... ጥርሶቹ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ።

መጽሐፉን ዘጋሁት።

ወይም ደሞ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ቆይ፣ ይሄንንም ልበል። አሉሚኒየም ሲቀልጥ ከእርጥበት ሃይድሮጂን ይጠጣል፣ ሲረጋ ይተፋዋል፣ ትንንሽ ቀዳዳ ይተዋል። ሦስተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን እምላለሁ፣ በፓንች ነው የተመቱት። በመሃላቸው ስንት ጥርስ እንዳለ ግን አልቆጠርኩም። ፎቶ አለኝ፣ የሌላኛው ጎን ፎቶ። በጣም ጥርት ያለ ፎቶ ነው ደሞ።

እና ትዝ ይላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሰነፍ ሆኜ አሮጌዋን ራሷን አሸዋው ላይ ተጭኜ ነበር ያፈሰስኩት፣ ስፋቷ ከዳር እዳር 93 ሚሊሜትር፣ ስትቀዘቅዝ በ1.3 በመቶ ተኮማትራ ልጅየዋ 1.2 ሚሊ ያህል አንሳ ወጣች፣ ከማንም ጋ አልገጥም አለች፣ ሳቃችሁብኝ። እሷ ላይ ነጥቦቹ ታትመው ሊሆን ይችል ነበር። የታተመ ካለ። የት አለች? እሷ ነበረች ማቅለጫው ውስጥ። አነሰ ያልኳችሁ እሷ ነች።

እህቴ «ብረቱ እኮ የትም አልሄደም፣ አዲሷ ውስጥ አለ» አለችኝ። ልክ ነች። ለአንድ ቀን ያህል ረድቶኛል።

ባለፈው ማታ ሞከርኩት። ባለ ሦስት መነሻ፣ ወፍራም የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ። አንደኛው ጥሩ፣ ሁለተኛው ጥሩ፣ ሦስተኛው ላይ ስቆጥር አንድ ጥርስ ሳትኩ፣ ሃያ አንድ ሆነ፣ ትንሽ ነገር፣ ስድስት ዲግሪ ነች፣ ግን ሦስተኛው ጥርስ ወደ ጎረቤቱ ተጠጋ፣ አንደኛው ጎን እንደ ምላጭ ሳሳ። ተበላሸ። እና እዛው ቆሜ በጣም ተናደድኩ፣ በራሴ አይደለም፣ በሱ ሰውዬ፣ ወይ በሴትየዋ፣ እዚህ ጋ አንዴ ስቶ ነው ነጥቡን የመታው አልኩ፣ ልክ እዚህ ጋ። ያው እኔ ስለሳትኩ እሱም ስቷል ማለት አይደለም፣ አውቃለሁ። ምን እንደሚሠራ እንኳ አላውቅም፣ የመጫኛ ቪቴ ይሁን፣ ብዕር ይሁን።

ፓንቹ እዚህ ማይኩ አጠገብ ነው። ጊሯም እዚሁ ነች፣ ፈትቼያታለሁ፣ በጠመኔ ሃያ ሃያ ቆጥሬባታለሁ፣ ሁለት ጊዜ። አንዱን መታሁ ትናንት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ... ለሥራው ሦስት ነው የሚያስፈልገኝ፣ ግልጽ ነው፣ ግን እኔ ያየሁት...

እንጃ። ቆይ፣ የዚህ ነገር ባትሪ...