ከረባት ያሰረው ልጅ

ሰላም ናችሁ? ከኋላዬ የምትሰሙት የማይክ ችግር አይደለም፤ ዝናብ ነው። ጅማ ተቀምጦ ቆርቆሮ ሥር መቅዳት ይሄው ነው። ያባራል ብዬ ብጠብቅ መስቀል ይደርሳል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አጎቴ ነው። የአያቴ የመጨረሻ ልጅ። ስሙን አልጠራም። እሷ ጓዳ ቡና እየቆላች ነው፤ ስሙን ከሰማች ጥላው ትመጣለች።

ግንቦት 1990 የባድመ ጦርነት ሲጀመር 19 ዓመቱ ነበር፣ አስራ አንደኛ ክፍል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄዶ ተመዘገበ። ለአያቴ የነገራት ከተመዘገበ በኋላ ነው። እኔ ስድስት ዓመቴ ስለነበር ብዙ አላስታውስም። ሸራ ጫማው ግን ትዝ ይለኛል። አጥቦ አጥር ላይ ሰቅሎት ነበር፤ ሳይደርቅ መኪናው መጣ። በነጠላ ጫማ ሄደ።

የካቲት 1991 ባድመ ተያዘች ተባለ፤ ሰፈሩ እልል አለ። መጋቢት ላይ እሱ ፆሮና ሞተ። ፆሮና ሜዳ ነው፤ ምሽግና ፈንጂ የሞላው ሜዳ። ጥቃቱ አልተሳካም። የቻለ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ የወደቀ እዚያው ቀረ። ይህን የነገረን አብሮት ዘምቶ ቆስሎ የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። "ሲወድቅ አይቻለሁ። ማንሳት አልቻልንም" አለ። ከዚያ ወዲህ በደጃችን አያልፍም፤ በአዌቱ ወንዝ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው።

መርዶው እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ መጣ። ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የለም። ጠረጴዛ ላይ ሸሚዙና አንዲት ጉርድ ፎቶ ተቀመጡ። ፎቶዋ ከተማሪ መታወቂያው ላይ የተላጠች ናት፤ ትከሻው ላይ ግማሽ ማኅተም አለ፣ ሐምራዊ። ትንሽ ስለሆነች ለቀስተኛው ሁሉ ጎንበስ እያለ ነበር የሚያያት።

አንድ የኮሪያ ዘማች ሽማግሌ ሊያጽናኑ መጡ። ስለ ጀግንነት ሲያወሩ ቆይተው፣ "እኛ እንኳ የወደቀ ጓዳችንን ጥለን አልመጣንም" አሉ። ቃኘው ሻለቃ የሚኮራበት ነገር ነው፣ ሊያስቀይሙ አልነበረም። አያቴ ግን እስከዚያ ሰዓት ዝም ብላ ቆይታ ያኔ ነው የጮኸችው።

አርባው ወጣ። ሙት ዓመቱ ወጣ። እርሟ ግን አልወጣም።

ቤተሰቡ "ይመጣል ብላ ነው" ይል ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ተሳስተናል። ታኅሣሥ 1993 የአልጀርሱ ስምምነት ተፈርሞ ምርኮኞች መመለስ ሲጀምሩ፣ ሌሎቹ እናቶች ሬዲዮ ሥር ተኮልኩለው እሷ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። መሞቱን ከማናችንም በላይ ታውቃለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ሜዳው አሁን የማን ነው?" ምን ይመለስላታል? በኤርትራ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የፀጥታ ቀጣና ተከለለ፣ የተባበሩት መንግሥታት ወታደር ገባበት፤ ፆሮናም እዚያ ውስጥ ነች። ይህን ለአንዲት እናት አስረዳ እስቲ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ተከፈተ። ቴሌቪዥኑ ተቃቅፈው የሚላቀሱ ሰዎች ያሳያል። እኔ አለቀስኩ። እሷ ዞር ብላ፣ "አሁን ሄዶ አፈር ዘግኖ መምጣት ይቻላል?" አለችኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ተዘጋ። እስከዛሬ ትቆጨኛለች።

ለዚያ ማካካሻ ይመስለኛል፣ ባለፈው ዓመት ያችን ጉርድ ፎቶ ፎቶ ቤት ወስጄ አስተለቅኋት። ልጁ በኮምፒውተር ማኅተሙን አጠፋ። ጥቁር ሱፍ አለበሰው፣ ቀይ ከረባትም አሰረለት። ደስ ብሎኝ ሳሎን ሰቀልኩት። አያቴ በርጩማዋን ስባ ከሥሩ ተቀመጠችና ብዙ አየችው።

"ማኅተሙስ?"

"ጠፋ፣ እማማ። አጸዱት።"

ምንም አላለችም። ማታ እግሯን ሳጥባት፣ እንደ ዋዛ፣ ስትሞት ትንሿን ፎቶ ደረቷ ላይ አድርገን እንድንቀብራት ነገረችኝ። ቄሱ እሺ ይበሉ አይበሉ እንጃ። "ትልቁስ?" አልኳት።

"እሱን ተዉት። ከረባት ያሰረውን ልጅ አላውቀውም።"